የፍም እጅ፦ በእሳት የሚፈውስ ኒንጃ እንዴት ይሠራል?

በእሳት የሚፈውስ ኒንጃ መሥራት ከፈለጋችሁ፣ ከሁሉ በፊት እሳቱ የማይፈውሰውን ወስኑ። የሚፈውሰውን መወሰን በኋላ ይደርሳል። ሁሉን የሚያድን ሐኪም ያለው ቡድን ሞትን አይፈራም። ሞት የማያስፈራበት ጨዋታ ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል።

ጨዋታችን እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪክ የሚጫወትበት ነው፤ የምንጫወተውም ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ወረቀት፣ እርሳስና ሁለት የሉዶ ዳይስ ይበቃናል። መብራት ከጠፋ ሻማ አለ። ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ፤ ሐኪሟን የምትጫወተው የአክስቴ ልጅ ናት።

ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። የጥንት ኒንጃዎች ይይዟቸዋል ከሚባሉት ስድስት ዕቃዎች አንዱ መድኃኒት ነው፤ ሌላው እሳት ማቀጣጠያ የተያዘበት የቀርከሃ ቀፎ። ጃፓኖች ሞጉሳ የሚሉትም አለ። የደረቀ ቅጠል ተወቅጦ እንደ ጥጥ ሲለሰልስ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቁንጣሪ ቆዳ ላይ ተደርጋ በቀስታ ትጤሳለች። ተክሉ የኛው አሪቲ ዘመድ ነው። መንገደኞች ረጅም ጉዞ ሲጀምሩ ከጉልበታቸው በታች ያስደርጉት ነበር። በእኛም አገር በጋለ ብረት መተኮስ የቆየ ነው። ይህን ሁሉ የማነሳው ለጨዋታው ነው፤ እውነተኛ ቁስል ላይ እሳት እንዳታስጠጉ አደራ።

ወደ ሕጉ እንምጣ። ካራክተሩ 20 ሕይወትና 10 ኃይል አለው እንበል። የፍም እጅ፣ ማለትም ሐኪሟ በእሳት የምትፈውስበት ችሎታ፣ 3 ኃይል ይበላል። ከረጢቷ ውስጥ ደረቅ ሞጉሳም መኖር አለበት፤ ከረጠበ አይሠራም። ከዚያ ሁለቱን ዳይስ ትጥላለች። ድምሩ ከ5 ካልበለጠ ደሙ ይቆማል፣ ግን ቁስለኛው 1 ሕይወት ያጣል። ከ6 እስከ 9 ከመጣ ደሙ ይቆምና 4 ሕይወት ይመለሳል። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ይመለሳል። ከ36ቱ አጣጣሎች 10ሩ መጥፎ፣ 20ው ደህና፣ 6ቱ ምርጥ ናቸው ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ደሙ በማንኛውም ዕጣ ይቆማል። ኃይሉን ከፍሎ፣ ተራውን አቃጥሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ተጫዋች መኖር የለበትም።

ስብራት አይጠገንም። የተዋጠ መርዝ አይወጣም። ቃጠሎ ላይ ከተሞከረማ ያባብሳል፤ 2 ሕይወት ቀንሱ። አንድ ቁስል ሁለተኛ ፍም የሚቀበለው ከነጋ በኋላ ብቻ ነው።

አጨዋወቱ ላይ "ፈወስኩት" ብቻ ብሎ ዳይስ መወርወር አልወድም። እጁ የት አረፈ? ምን ሸተተ? የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ሞጉሳውን በሁለት ጣቷ ታድበለብለዋለች፤ ባዶ ጣቷን ነው፣ ግን ሁላችንም እናየዋለን። ከዚያ ወደ ቁስለኛው ዞር ብላ "አይዞህ ወንድምዓለም፣ ጥርስህን ንከስ" ትላለች። ዳይሱ ገና አልተጣለም፣ ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል። ሐኪም የምትጫወቱ ሁሉ እንዲህ አድርጉ፤ ከዳይሱ በፊት ሰውየውን አናግሩት።

ታሪካችን የሚካሄደው የኒንጃ አገር በሆነችው በኮካ ነው። አጠገቧ ቢዋ አለ፣ የጃፓን ትልቁ ሐይቅ። ቢዋን በዓይናችን አላየነውም። ስለዚህ ውሃውን ስተርክ ጣናን እያሰብኩ ነው፤ ጠዋት የተኛው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት። ጀልባዋንም ከጣና ተዋስኩ፤ የደንገል ታንኳ ሰጠኋቸው። ታንኳ ላይ የፍም እጅ ሌላ ጣጣ አለው። ደንገሉ ከታች ውሃ ጠጥቷል፣ ከላይ ግን ደርቋል። ሁለቱ ዳይስ እኩል ቁጥር ካሳዩ ታንኳው ይቀጣጠላል። ያኔ አንዱ መቅዘፉን ትቶ ውሃ መርጨት አለበት። ይህ ሕግ ሲገባ ቡድኑ በሙሉ መመካከር ጀመረ፦ ደም እየፈሰሰው ዳር እንድረስ ወይስ እዚሁ እንተኩሰው?

በሌሊት ደግሞ ፍሙ ያበራል። ዳይሱ ምንም ይምጣ፣ በአካባቢው ያለ ጠላት የት እንዳላችሁ ያውቃል። ጃንጥላ ወይም ጨርቅ የሚከልል ጓደኛ ካለ ብቻ ይህ ይቀራል፤ እሱም ተራውን ይከፍላል።

ደረጃ 3 ስትደርስ ሐኪሟ ከሁለት አንዱን ትምረጥ፦ የራሷን ቁስል መተኮስ፣ ወይም በብርድ የደከመውን ቡድን በአንድ ጊዜ ማሞቅ። ሁለቱንም አትስጧት።