ለሳንቲምና ለቴምብር ሰብሳቢ ስጦታ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወልውሎ መስጠት። ከሁሉም የሚብሰው ይኸኛው ነው። የጠቆረ የምኒልክ ብር ያገኘ ሰው እጁ ቶሎ ወደ አመድና ሎሚ ወይም ወደ ጥርስ ሳሙና ይሄዳል። ያ ጥቁረት ግን እድፍ አይደለም፤ ብሩ አየር ላይ ካለ የድኝ ጋዝ ጋር እየተገናኘ በብዙ ዓመት ያበጀው ስስ ሽፋን ነው፣ ሰብሳቢው የሚወደውም እሱኑ ነው። ሲፈተግ ሽፋኑ ብቻ አይለቅም። የንጉሡ ዘውድና ጢም ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ይበላሉ፣ ባዶው ቦታ ላይ ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት የሚታይ የፀጉር ያህል ጭረት ይቀራል። ይህን የሚመልስ የለም። አፈር ከያዘ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ሳያሹ፣ ለስላሳ ጨርቅ እያስነኩ ያድርቁት። ሲያነሱትም ጠርዙን ይያዙ።

በዓመተ ምሕረቱ መታለል። ጠገራ ብር (ማርትሬዛ) ላይ 1780 ስለተጻፈ በዚያ ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም። 1780 ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሳይቀር ያው 1780 እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ነው» ላለዎት ነጋዴ ተጨማሪ ብር አይክፈሉ። ይልቅ ይመዝኑት። ትክክለኛው 28.07 ግራም ገደማ ነው፣ ስፋቱ ወደ 40 ሚሊሜትር፣ ጠርዙ ዙሪያውን ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለው። ከግራም ጥቂት ነጥብ ቢጎድል ከእጅ ብዛት ነው ሊባል ይችላል፤ ሁለት ግራም ከጎደለ ግን ይተዉት። ማግኔት ከሳበውማ ነገሩ አለቀ።

የምኒልክ ብር ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር፣ በእኛው አቆጣጠር ነው የተጻፈው፦ ፲፰፻፹፯ ማለት 1887 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 1894/95። ውጭ አገር ያሉ ሻጮች 1887ን እንዳለ የፈረንጅ አድርገው ሲጽፉ ማየት የተለመደ ነው።

ቀለበት ያለው መግዛት። ሐብል እንዲሆን የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ብር ለአንገት ያምራል፤ ለሳንቲም ሰብሳቢ ግን የተጎዳ ዕቃ ነው። ማንጠልጠያው ቢነቀል እንኳ ጠርዙ ላይ የብየዳው ጠባሳ ይታወቃል።

በተራ ላስቲክ መጠቅለል። ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙ ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ይተዋል። ክብ ደረቅ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይሻላል። መጠኑ ግን በግምት አይገዛም፤ ሳንቲሙን በሚሊሜትር ለክተው ነው፣ አለበለዚያ ውስጡ እየተንቀጫቀጨ ይፋቃል።

ቴምብርን ከፖስታው መላጥ። ማኅተሙ የየት ከተማና የየትኛው ቀን እንደሆነ የሚነበብ አሮጌ ፖስታ ካገኙ ምንም አይንኩ፣ ሙሉውን ይስጡ፤ ብዙ ጊዜ ከቴምብሩ የሚበልጠው እሱ ነው። ተራ የሆነውን ማላቀቅ የግድ ከሆነ ዙሪያውን አንድ ሴንቲሜትር ወረቀት ትተው ይቁረጡ፣ ለብ ባለ ውሃ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው 15 ደቂቃ ያህል ያንሳፉ፣ ራሱ ሲለቅ ያንሱት። ያልተለጠፈና ሙጫው ያለ ቴምብር ውሃ ፈጽሞ አይንካው። የብር ኖትም ላሚኔት አይደረግም! የጃንሆይ ዘመን ኖት በላስቲክ ከታሸገ በኋላ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም።

የያዘውን ደግሞ መግዛት። «የትኛው ጎደለህ?» ብሎ መጠየቅ ድንገተኛነቱን ያበላሸዋል የሚሉ አሉ። እንግዲያው የአልበሙን ባዶ ቦታዎች በስልክ ፎቶ ያንሱ። የምኒልክ ብር ብቻ እንኳ አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣበትና ቀኝ እግሩን ያነሣበት ለየብቻ ይሰበሰባሉ። ካልሆነልዎ ዕቃውን ትተው መሣሪያውን ይግዙ፦ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ የቴምብር ወረንጦ፣ ወይም የግራም መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን።

ውጭ ላለ ዘመድ በሻንጣ መላክ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ ክልክል ነው፤ አሮጌ ሳንቲምም ከዚያ ሊቆጠር ይችላል። ኤርፖርት ደርሶ ከመከራከር፣ ከመግዛትዎ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ።