ለረጅም የተራራ ጉዞ ብስክሌት ላይ ዕቃ እንዴት ይጫናል?

ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ በአባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚሻገር ብስክሌተኛ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ድልድዩን አልፎ ያንኑ ያህል ይወጣል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ብዙ ቦታ ተጨማዶ ያጋጥማል። እንዲህ ባለው መንገድ ከዕቃው ብዛት ይልቅ አቀማመጡ ይወስናል። በአግባቡ የተከፋፈለ 18 ኪሎ፣ ኋላ አናት ላይ ከተቆለለ 12 ኪሎ ይልቅ ለመንዳት ይቀላል።

1. ዕቃውን ዘርግተው ይመዝኑ። በየከተማው አልጋ ይዘው የሚያድሩ ከሆነ፣ ውኃ ሳይጨምር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይበቃል። ድንኳንና ምድጃ ሲጨመር ከ18 እስከ 20 ኪሎ ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ተጨማሪ ቦርሳ አይፈልጉ፤ ዕቃ ይቀንሱ። የቀረውን በሦስት ይለዩት፦ ትንሽ ሆኖ የሚከብድ፣ ትልቅ ሆኖ የሚቀል፣ በመንገድ ላይ ቶሎ የሚፈለግ።

2. ከባዱን መሃል ያስገቡ። በቴላዮው (ጎማዎቹና ኮርቻው በሚያያዙበት የብስክሌቱ አካል) ውስጥ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍት ቦታ ከሁሉም ይሻላል፤ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሆነ የተጫነበት ነገር ብዙም አይወዛወዝም። ቁልፎች፣ መለዋወጫ፣ የስልክ ባትሪ፣ ምግብና ውኃ እዚህ ይግቡ። ቦርሳው ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ ጉልበትን ይፈትጋል፤ በቀን በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ሲነካ ደግሞ ያቆስላል። በረሃውን ለመውጣት 4 ሊትር ውኃ ከያዙ 4 ኪሎ ጨመሩ ማለት ነው። ይህን ውኃ ኋላ አናት ላይ ማሰር በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

3. የኋላ ቦርሳዎችን ዝቅ አድርገው ያንጠልጥሉ። ግራና ቀኙ በክብደት ከግማሽ ኪሎ በላይ አይለያይ። ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን፣ ልብስ ከላይ። ቦርሳውን በተቻለ መጠን ወደ ፊት ያስጠጉት፤ ከጎማው እምብርት ወደ ኋላ ባለፈ ቁጥር ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይቅበዘበዛል። ልኩን የሚነግርዎ ተረከዝዎ ነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን ወደ ኋላ ያሽከርክሩ፤ በተረከዝዎና በቦርሳው መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። የኋላ ጎማው ብዙውን ክብደት ስለሚሸከም የቸርኬው ቀጫጭን ሽቦዎች የሚበጠሱት በአብዛኛው እዚያው፣ በካቴናው በኩል ነው። በልካቸው የተቆረጡ ሦስት ተለዋጭ ሽቦዎችን ቴላዮው ላይ በፕላስተር አጣብቀው ይያዙ።

4. ፊቱንም ያሸክሙት። ከ4 እስከ 6 ኪሎ ለሁለት ተከፍሎ፣ በፊት ጎማው ግራና ቀኝ እምብርቱ አካባቢ ዝቅ ብሎ ሲንጠለጠል መሪው ይረጋል። ከመሪው ፊት የሚታሰረው ጥቅል ግን ከ3 ኪሎ አይብለጥ፤ የመኝታ ከረጢትና ሹራብ ይበቃዋል። አስረው ሲጨርሱ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙሩ። የፍሬን ካቦው ከተወጠረ ወይም ከታጠፈ ጥቅሉን ፈተው እንደገና ይሰሩት።

5. ጀርባ ላይ ምንም አይዘሉ። ክብደቱ በኮርቻው በኩል መቀመጫን ይጎዳል፣ ላብም አያስተነፍስም። የዝናብና የንፋስ ልብስ ቦርሳ ሳይፈታ የሚወጣበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ዳገት ጨርሰው በላብ ርሰው ቁልቁል ሲጀምሩ ብርዱ ጊዜ አይሰጥም።

6. ብሎኖቹ እንዳይላሉ ይጠብቁ። ተራራ ላይ ጭነት የሚጥለው በአብዛኛው የብሎን መላላት ነው። ቦርሳዎቹ የሚንጠለጠሉበት የኋላ መጫኛ ከጎማው እምብርት በላይ ቴላዮው ላይ በግራም በቀኝም በአንዲት አነስተኛ ብሎን ይያዛል። ንዝረቱ አንዷን ቀስ በቀስ ይፈታታል፤ ስትወድቅ ክብደቱ ሁሉ በሌላው ጎን ብሎን ላይ ያርፍና እሱም ይቆረጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ብሎን ሥር ሮንዴላ ያስገቡ፣ ጥርሱን የብሎን ማጣበቂያ ይቀቡ፣ ልኩ አንድ የሆነ አራት ተለዋጭ ብሎን ይያዙ። መጫኛው የብረት ቢሆን ይመረጣል፤ ቢሰበር መንገድ ዳር ያለ በያጅ ይበይደዋል፣ አልሙኒየም ግን ሁሉም ቤት አይበየድም። የሚወዛወዝ ቦርሳ ካለ ከአሮጌ ካላማዳሪ (አየር ከሚሞላው የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) በተቆረጠ ቁራጭ ጠበቅ ያድርጉት፤ የተንጠለጠለ ጫፍ ግን አይተዉ፣ ጎማው ውስጥ ከገባ ይጥላል።

7. ከመነሳትዎ በፊት ሙሉ ጭነት ይዘው ይሞክሩ። ኮርቻውን ይዘው ብስክሌቱን ነቅነቅ ያድርጉት፤ ቦርሳው ከቴላዮው ዘግይቶ ከተንቀሳቀሰ ማሰሪያው ላልቷል። ከዚያ ዳገትና ቁልቁለት ያለበት 10 ኪሎ ሜትር ይንዱ። በቁልቁለት መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጉልበትዎን ከቴላዮው የላይኛው ቧንቧ ጋር ያጣብቁ፣ መሪውን አጥብቀው አይጨብጡ፣ ፍጥነቱን በቀስታ ይቀንሱ። ቆመው 2 ኪሎ ያህል ከኋላ ወደ ፊት ያዛውሩ። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ አይያዙት፤ ቸርኬው ሲግል ካላማዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይውረዱ፣ በየመሃሉ ቆመው ያቀዝቅዙት። ብሎኖቹን በመጀመሪያው ቀን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየማታው በቁልፍ ይፈትሹ።