ሽልንግ ሁለት ስሙኒ አይደለም፦ የድሮ የእንግሊዝ ልቦለድ ስትተረጉሙ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ባለፈው ወር አንድ ረቂቅ ትርጉም ለማረም ተቀበልኩ። ገና ጥቂት ገጽ እንደገለጥኩ "ሽልንግ" የሚለው ቃል መጣ። ግርጌው ላይ ተርጓሚው "ሃምሳ ሳንቲም" ብሎ ማስታወሻ ጽፎለታል። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ። ይህን ማስታወሻ ከስንት ረቂቅ ላይ እንደሰረዝኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ሁላችሁም ብታነቡት ይሻላል።

ሽልንግን የኛ ሽልንግ ማድረግ

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እዚህ ላደገ ሰው ሽልንግ ሲባል የሚታየው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ስሙኒ ሃያ አምስት፣ ሽልንግ ሃምሳ። ሱቅ ስንላክ እንዲያ ነው ተቆጥሮ የተሰጠን።

ስሙ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ እንግሊዞች አገራችን ውስጥ በነበሩበት ጊዜ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ እዚህ መገበያያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 የራሳችን አዲስ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ግማሽ ብር አንድ ሽልንግ ሆነ ማለት ነው። ያ ሽልንግ ደግሞ ከእንግሊዙ ሽልንግ ጋር እኩል ዋጋ ነበረው። ስለዚህ በዚያን ጊዜ "ሽልንግ ማለት ሃምሳ ሳንቲም ነው" ያለ ሰው አልተሳሳተም። ከዚያ በኋላ ሽልንጉ ከገበያ ወጣ፤ ስሙ ግን ሃምሳ ሳንቲሟ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ በሃምሳ ሳንቲም ምን ይገዛል? ምንም። አንባቢው የእናንተን ማስታወሻ ሲያይ የሚታየው ይህ "ምንም" ነው።

ጉዳቱን ላሳያችሁ። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1843 ያሳተመውን የገና ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ስስታሙ ስክሩጅ፣ ጸሐፊው ክራቺት። ክራቺት በሳምንት የሚያገኘው 15 ሽልንግ ነው። ገና ዋዜማ ላይ ስክሩጅ ስለ ነገው ዕረፍት ይነጫነጫል፤ ለዚች ቀን ግማሽ ክራውን ብቆርጥብህ ተበደልኩ ትላለህ ይለዋል። ግማሽ ክራውን ሁለት ሽልንግ ከስድስት ፔኒ ነው፤ አንድ ሽልንግ አሥራ ሁለት ፔኒ ስለሆነ ሁለት ሽልንግ ተኩል ማለት ነው። አሁን አስሉት። አሥራ አምስት ሽልንግን ለስድስት የሥራ ቀን ስታካፍሉት በትክክል ግማሽ ክራውን ይመጣል። ዲክንስ ቁጥሩን እንዲያው ዝም ብሎ አልጣለውም። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ጉልበት ነው።

ታሪኩ ሲያልቅ ያው ስክሩጅ የገና ጠዋት መስኮቱን ከፍቶ መንገድ ላይ ያገኘውን ልጅ ይጠራል። ተርኪ ዶሮ የሚሸጠውን ሰውዬ ይዘህልኝ ና፣ አንድ ሽልንግ እሰጥሃለሁ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከመጣህ ግማሽ ክራውን ትወስዳለህ! ያችው ግማሽ ክራውን ተመልሳ መጣች። ትናንት ከጸሐፊው ላይ ልትቆረጥ የነበረችው የቀን ደመወዝ ዛሬ ለአምስት ደቂቃ ሩጫ ለማያውቀው ልጅ ተሰጠች። የሰውየው መለወጥ ያለው እዚህ ነው። የልጁም አንድ ሽልንግ ቀላል አይደለም። ዲክንስ ራሱ በ12 ዓመቱ፣ አባቱ በዕዳ በታሰረበት ዘመን፣ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የሚከፈለው በሳምንት ስድስት ወይም ሰባት ሽልንግ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ አንድ ሽልንግ ማለት ነው። ስክሩጅ ለልጁ ሽልንግ ሲል ምን እያለ እንደሆነ ይህ ደራሲ ከማንም በላይ ያውቃል።

እናንተ ግርጌ ላይ "ሃምሳ ሳንቲም" ስትሉ ስክሩጅ በአማርኛ መጨረሻም ስስታም ሆኖ ይቀራል። አንባቢ "ይሄ ሰውዬ አሁንም ቆንቋና ነው" ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል። አንድ የግርጌ ማስታወሻ መቶ ገጽ ልፋት ገደለ። የምቆጣው ለዚህ ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የመጀመሪያ ትርጉሜ ላይ ግማሽ ክራውንን "ግማሽ ዘውድ" ብዬ ጽፌዋለሁ። ረቂቁን ያነበቡልኝ አንድ ትልቅ ሰው ገጹን ከፍተው "ይሄ ስንት ሽልንግ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። "ማታ አስልተህ ነገ ና" አሉኝ። ያንን ማታ ከዚያ በኋላ ከወሰድኩት ሥልጠና ሁሉ አብልጬ አስበዋለሁ።

የኬንያን ሽልንግ የምታውቁ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለባችሁ። የዚያኛው ሽልንግ መቶ ሳንቲም አለው። የእንግሊዙ 12 ፔኒ ነው።

ወደ ዛሬ ብር መቀየር

ይህን የሚያደርጉት ትጉዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ ስናገራቸው ልቤ ይራራል። ኢንተርኔት ላይ የዋጋ ማስሊያ ይፈልጋሉ፣ የድሮውን ሽልንግ ወደ ዛሬ ፓውንድ፣ ፓውንዱን ወደ ብር ይቀይራሉ፣ ከዚያ "ይህም በዛሬ ዋጋ ይህን ያህል ብር ነው" ብለው ይጽፋሉ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ እንዲህ ዓይነት ማስታወሻ ያለበት መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ነበር። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ሆነ።

ምንዛሪው ባይለወጥም ስሌቱ አይረዳም። በዚያ ዘመን የሰው ጉልበት ርካሽ፣ ልብስ ውድ ነበር። ያንን በአንድ ቁጥር ማለፍ አይቻልም። የሚረዳው ሽልንጉን ከሰውየው የሳምንት ገቢ ጋር ማስተያየት ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ አለ።

የሻርሎት ብሮንቴን ልቦለድ ጄን ኤርን ተመልከቱ። ጄን በባለጸጋው ሮቸስተር ቤት የልጅ አስተማሪ ሆና ስትቀጠር ደመወዟ በዓመት 30 ፓውንድ ነው። ምግብና መኝታ አላት፤ በእጇ የሚገባው ሲሰላ በሳምንት አሥራ አንድ ሽልንግ ተኩል ገደማ ነው። አክስቷን ልትጠይቅ ስትነሳ ሮቸስተር በዓለም ላይ ያለሽ ገንዘብ ስንት ነው ይላታል፤ ቦርሳዋን አውጥታ አምስት ሽልንግ ትላለች። የግማሽ ሳምንት ገቢ እንኳ አይሞላም። በኋላ ደግሞ ከዚያ ቤት በሌሊት ስትሸሽ የያዘችው 20 ሽልንግ ነው። ባለ ሠረገላው 30 ጠየቃት። ሃያ ብቻ ነው ያለኝ አለችው፤ እሺ፣ በዚያው ልሞክር አላት። ሃያው ሽልንግ እስከሚያደርሳት ወስዶ አውላላ ሜዳ ላይ፣ የመንገድ መገናኛ ላይ አወረዳት። ከዚያ በኋላ ያለው ረሃብና ልመና ሁሉ ከጎደለው አሥር ሽልንግ ነው የሚጀምረው።

አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ይህን ክፍል ስትተረጉም ሃያውን ሽልንግ ወደ ብር ቀየረችው፤ ሠላሳውን ረሳችው፣ ሽልንግ ብላ ተወችው። በእሷ አማርኛ ባለ ሠረገላው ለምን አጋማሽ መንገድ ላይ እንዳወረዳት ማንም አይገባውም። ከዚያ ወዲህ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ሽልንጉን ሽልንግ ብላችሁ ተዉት፣ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አንድ ግማሽ ገጽ ስጡት። አሥራ ሁለት ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ ሃያ ሽልንግ አንድ ፓውንድ። ሁለት ሦስት የደመወዝ ምሳሌ ጨምሩበት። አንባቢያችን ሰነፍ አይደለም፤ አንዴ ከተነገረው ራሱ ያሰላል።

ሂሳቡን በመቶ መሥራት

ይህኛው ላይ ተራ የመደመር ስህተት እየገባ ነው። ፓውንድ 20 ሽልንግ ነው። ሽልንግ 12 ፔኒ ነው። ፓውንድ 240 ፔኒ ነው። ጽሑፉ ላይ ሽልንጉና ፔኒው በጭረት ይለያሉ። 2/6 ማለት ሁለት ሽልንግ ከስድስት ፔኒ ነው፤ "ሁለት ስድስተኛ" ተብሎ የተተረጎመ አይቻለሁ። በእንግሊዞቹ የልጆች መጽሐፍ፣ በአሊስ ታሪክ ሥዕል ላይ ያ ባርኔጣ ሠሪ ኮፍያው ላይ የተሰካው 10/6 ክፍልፋይ አይደለም፣ ቀንም አይደለም። የባርኔጣው ዋጋ ነው፤ አሥር ሽልንግ ከስድስት ፔኒ። ፔኒን የሚያሳጥረው "ዲ" ፊደል ደግሞ ዲናሪየስ ከሚባለው የሮማውያን ሳንቲም የመጣ ነው። ዶላር አይደለም። ዶላር አድርጋችሁ የላካችሁልኝ ሁለት ሰዎች አላችሁ፤ ስማችሁን አልጠራም።

ሂሳቡን ካላወቃችሁ ዴቪድ ኮፐርፊልድ በሚባለው የዲክንስ ልቦለድ ውስጥ ያለው ሚካውበር ስለ ገቢና ወጪ የሚሰጠው ምክር ይጠፋባችኋል። ገቢህ በዓመት 20 ፓውንድ፣ ወጪህ 19 ፓውንድ ከ19 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ከሆነ ደስታ ነው ይላል። ወጪህ 20 ፓውንድ ከ6 ፔኒ ከሆነ መከራ ነው። ሁለቱን ወጪዎች ቀንሱ። ልዩነቱ አንድ ሽልንግ ነው። ያ ልቦለድ ሲወጣ ደግሞ ክፍል ክፍል እየሆነ በየወሩ የሚሸጠው በአንድ ሽልንግ ነበር። የመጀመሪያው አንባቢ በደስታና በመከራ መካከል ያለውን ገንዘብ ከፍሎ ነው ገጹን የሚያነበው። አንድ ረቂቅ ላይ ይህ "19.19 ፓውንድ" ተብሎ መጣልኝ። እንዲህ ሲጻፍ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

ቦብን ሰው ማድረግ

ቦብ የሽልንግ የመንደር ስም ነው። ቢበዛም ቦብ ነው። "አምስት ቦብ ሰጠው" ሲል አምስት ሰዎች አልሰጠውም። አንድ ቦታ ብቻ ሁለቱም ትክክል ናቸው፦ የክራቺት የመጀመሪያ ስም ቦብ ስለሆነ ዲክንስ ቅዳሜ ቅዳሜ የስሙን አሥራ አምስት ቅጂ ኪሱ ይከታል ብሎ ይጫወትበታል። እዚያ ላይ የግርጌ ማስታወሻ አይነፈግም።

ጊኒን አገር ወይም ፓውንድ ማድረግ

ስሟ ወርቁ ከመጣበት ከምዕራብ አፍሪካው የጊኒ ጠረፍ ነው፤ ግን "የጊኒ ገንዘብ" አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1663 መመታት የጀመረች የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ናት። ከ1717 ጀምሮ ዋጋዋ 21 ሽልንግ ሆነ፤ ከፓውንድ በአንድ ሽልንግ ትበልጣለች። ሳንቲሟ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ብትቀርም አጠራሯ አልቀረም። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ሠዓሊ ክፍያቸውን በጊኒ ይጠሩ ነበር፤ የእጅ ባለሙያና ነጋዴ በፓውንድና በሽልንግ። ስለዚህ ገጸ ባሕርይው ጊኒ ሲል ስለ ክብሩም እየነገራችሁ ነው። ፓውንድ አድርጋችሁ አታልፉት።

"ሽልንግ ወሰደ"ን ጉቦ ማድረግ

የንጉሡን ሽልንግ ወሰደ ማለት ወታደር ሆነ ማለት ነው። መልማዩ ለተመልማዩ አንድ ሽልንግ እጁ ላይ ያኖርለታል፤ ከተቀበለ ተያዘ። ልማዱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። "አንድ ሽልንግ ብቻ አወረሰው" ከሆነ ደግሞ አባትየው ልጁን ነቅሎታል። ሽልንጓ የምትጻፈው ረስቶት ነው እንዳይባል ነው። አንድ ትርጉም ላይ ልጁ ውርሱን በምስጋና ሲቀበል አነበብኩ፤ ዋናው መጽሐፍ ላይ ልጁ ፊቱ ጠቁሮ ነው የሚወጣው።

ዘመናቱን ማደባለቅ

ይህ ታሪካዊ ድራማ ለምትጽፉትም ነው። ሽልንግ በጣም ጥንታዊ ቃል ነው፤ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የሂሳብ መቁጠሪያ ብቻ ነበር። በመዝገብ ይጻፋል፣ በእጅ አይያዝም። ልኩም አንድ አልነበረም፤ ኖርማኖች እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት ዌሴክስ በሚባለው የደቡብ እንግሊዝ መንግሥት አንድ ሽልንግ አምስት ፔኒ ነበር። የሽልንግ ሳንቲም የተመታው በእንግሊዙ ንጉሥ በሰባተኛው ሄንሪ ዘመን ነው። ስለዚህ በ1300 የሚኖር ባላገር ገበያ ላይ ሽልንግ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ እንዲያኖር አታድርጉ። ፔኒ ይቁጠር።

በሌላ ጫፍ ደግሞ እንግሊዝ ገንዘቧን በመቶ ወደሚከፈል ሥርዓት የለወጠችው የካቲት 15፣ 1971 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ሽልንግ ያን ቀን አምስት አዲስ ፔኒ ሆነ። ግን ሳንቲሙ አልተሰበሰበም፤ እስከ 1990 መጨረሻ ድረስ ከአዲሱ ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ታሪካችሁ በ1980 ለንደን ውስጥ ከሆነ ገጸ ባሕርያችሁ የንጉሥ ጆርጅ ምስል ያለበትን ሽልንግ ከመልስ ገንዘቡ መሃል ሊያገኝ ይችላል። ባለ ሱቁ ግን የሚቀበለው አምስት ፔኒ ብሎ ነው።