ኤ356 አልሙኒየም በከፊል ጠጣር ቀረጻ አልደቅ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ከፊል ጠጣር ቀረጻ የሚሳካው ቅልጡ ውስጥ ያለው ጠጣር ክፍል ደቃቅና ድብልብል ሲሆን ነው። ያኔ አልሙኒየሙ እንደ ገንፎ ነው፤ ካልነኩት ቅርጹን ይዞ ይቆማል፣ ሲገፉት ይፈሳል። ይህ ባህርይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ውስጥ በሜርተን ፍሌሚንግስ ቡድን ከታየ ወዲህ ዘዴው ብዙ ተሻሽሏል፤ የሚያስቸግረው ግን ያው የጠጣሩ ክፍል ቅንጣት ነው። ከዚህ በታች ያለው 7 በመቶ ገደማ ሲሊከን ላለው የአልሙኒየም ቅይጥ፣ ለኤ356 ነው።

ምልክት፦ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ድብልብል ሳይሆን ቅርንጫፋም ዴንድራይት ይታያል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። ኤ356 መጠጠር የሚጀምረው 615 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በ700 ዲግሪ ከተቀዳ በሞልዱ (በቅርጽ ማውጫው) ግድግዳ ላይ የተወለዱት ጥቃቅን ዘሮች ወደ መሃል ሲገቡ ተመልሰው ይቀልጣሉ። የተረፉት ጥቂቶቹ ሰፊ ቦታ ስለሚያገኙ ቅርንጫፍ ያበቅላሉ። መቅጃውን ወደ 625–635 ዲግሪ ያውርዱ። ከዚያ በፊት ግን ቴርሞኮፕሉን (የሙቀት መለኪያውን) ይፈትሹ፤ የተበላሸ መለኪያ ይዞ ቅይጥ መውቀስ የተለመደ ነው።

ምልክት፦ ማድቀቂያ (ቅንጣቱን ለማድቀቅ ቅልጡ ውስጥ የሚገባ ቅይጥ) ተጨመረ፣ እንደገና ተጨመረ፣ ቅንጣቱ ግን ያው ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። 5 በመቶ ቲታኒየምና 1 በመቶ ቦሮን ያለው የተለመደው የማድቀቂያ ዘንግ ሲሊከን በማይበዛባቸው ቅይጦች ጥሩ ይሠራል። ሲሊከኑ ከ3 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ግን ከቲታኒየሙ ጋር እየተዋሐደ የማድቀቂያውን ኃይል ያዳክመዋል። ዚርኮኒየም ያለበት ቁርጥራጭ ከተቀላቀለማ ይብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅይጡን ያስመርምሩ። ቲታኒየሙ ቀድሞውኑ 0.1 በመቶ ከደረሰ የጎደለው ቲታኒየም አይደለም፤ የቅይጡ ጣሪያም 0.20 በመቶ ነው። ቦሮኑ ከፍ ያለ ማድቀቂያ ይሞክሩ፣ ለምሳሌ ሁለቱም እኩል የሆኑበትን።

ይህ መፍትሄ አንድ ጣጣ አለው። ሲሊከኑን ለማለስለስ ስትሮንቲየም የሚጨምሩ ከሆነ ቦሮኑ ይይዘዋል፤ ሲሊከኑም ወደ ሻካራ ቅርጹ ይመለሳል። ማድቀቂያው ከገባ በኋላ ስትሮንቲየሙን ደግመው ያስለኩ።

ምልክት፦ መጀመሪያ የወጡት ዕቃዎች ደቃቅ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ግን ሻካራ።

የቲታኒየም ቦራይድ ቅንጣቶች ከቅልጡ በእጥፍ ገደማ ስለሚከብዱ ቀስ እያሉ ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ማድቀቂያውን ለመቅዳት ሲቃረቡ ይጨምሩ፣ ሲቆይም በዝግታ ያማስሉ። ላዩን አይምቱት፤ ኦክሳይድ ይገባል።

ምልክት፦ ጥሩ ሆኖ የወጣው ቢሌት (ለቀረጻ የተዘጋጀ ድፍን የአልሙኒየም ቁራጭ) ዳግም ሲሞቅ ይሟሽሻል ወይም ድብልብሎቹ ያብጣሉ።

580 ዲግሪ አካባቢ ከቢሌቱ ግማሽ ያህሉ ፈሳሽ ነው። ጥቂት ዲግሪ ካለፈ ቅርጹን መያዝ ያቅተዋል። እዚያው ከቆየ ደግሞ ትልልቆቹ ድብልብሎች ትንንሾቹን እየዋጡ ያድጋሉ፤ ይህንን ምንም ማድቀቂያ አያቆመውም። በኢንዳክሽን (በኤሌክትሮማግኔት ማሞቂያ) ቶሎ ያሙቁት፣ ሙቀቱ መሃሉ ድረስ እኩል እንደሆነ ወዲያው ወደ ሞልዱ ይግፉት።

ከቲ6 የሙቀት ሕክምና (የተቀረጸውን ዕቃ አሙቆ ማጠንከሪያ) በኋላ ላዩ ላይ እብጠት ከወጣ ግን ቅንጣቱን ይተዉትና አልሙኒየሙን ወደ ሞልዱ የሚገፋውን ፒስተን ፍጥነት ይቀንሱ፤ እሱ የታፈነ አየር ነው።