በጋራ ሰርቨር ላይ የተጠቃሚ መረጃ ስንፈልግ ሰው የሚያስበድሉን ስህተቶች

ተማሪዎችና ተመራማሪዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን የሊኑክስ ሰርቨር አስተዳድር በነበረበት ጊዜ አንድ ቀን ዲስኩ ሞልቶ ሥራ ሁሉ ቆመ። ቦታውን የበላውን ፎልደር ፈልጌ አገኘሁት። የባለቤቱ ስም በሚታይበት ቦታ ላይ የአንድ አዲስ ተማሪ ስም ነበር። ስሙን ለኃላፊው ላክሁ፤ ልጁ ተጠርቶ ተወቀሰ፣ አካውንቱም ተዘጋ። ልጁ ያንን ፎልደር ከፍቶት እንኳ አያውቅም ነበር። ፋይሎቹ የተጻፉት እሱ ግቢውን ከመርገጡ ከወራት በፊት መሆኑን ያየሁት በማግስቱ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ተቀበለኝም። ግን ቀኑን ለማየት አንድ ደቂቃ ብወስድ ኖሮ ያ ልጅ ሰው ፊት አያፍርም ነበር።

በሰርቨር ላይ የተጠቃሚ መረጃ የምንፈልግባቸው ትዕዛዞች የሚነግሩን ስለ አካውንት ነው። ከአካውንቱ ወደ ሰውየው የምንሻገረው እኛው ነን፤ ስህተቱም የሚፈጠረው እዚያ መሻገሪያው ላይ ነው።

ቁጥሩን ትቶ ስሙን ማመን

ሊኑክስ ፋይል ላይ የባለቤቱን ስም አይጽፍም፤ የሚጽፈው ቁጥር ነው። ስሙ የሚመጣው ዝርዝሩን በምናይበት ቅጽበት ነው፤ ሲስተሙ «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብሎ መዝገቡን ይጠይቅና የዛሬውን ባለቤት ስም ያወጣል። ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ የተራ ተጠቃሚ ቁጥር ከ1000 ይጀምራል፤ 0 «ሩት» የተባለው የበላይ አስተዳዳሪ አካውንት ነው። አዲስ አካውንት ሲከፈት ዩዘርአድ የተባለው ትዕዛዝ ከተያዙት የተጠቃሚ ቁጥሮች ትልቁን አይቶ ቀጣዩን ይሰጣል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የተከፈተው አካውንት ከተሰረዘ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የሄደውን ሰው ቁጥር ይወርሳል። ቁጥሩን ሲወርስ የተተዉትንም ፋይሎች ይወርሳል።

እኛ ጋ የሆነው ይኸው ነው። የመጨረሻው አካውንት የአንድ ተመራማሪ ነበር፤ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አካውንቱን ሰረዝን፣ በጋራ ዲስኩ ላይ ያስቀመጣቸው ትልልቅ ፋይሎች ግን ቀሩ። ቀጥሎ የተመዘገበው ያ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ስም ከመጥራትዎ በፊት የፋይሉን ቀን አካውንቱ ከተከፈተበት ቀን ጋር ያስተያዩ። የሚለቅ ሰው ሲኖርም አካውንቱን ወዲያው ከመሰረዝ ይቆልፉት፤ በቁጥሩ የተያዙ ፋይሎችን በሙሉ ፈልገው ለሚረከብ ሰው ያስተላልፉ። ፓስዎርዱን መቆለፍ ብቻውን እንደማይበቃም ልብ ይበሉ፤ ከሩቅ ወደ ሰርቨር በሚያስገባው በኤስኤስኤች፣ በፓስዎርድ ፋንታ በቁልፍ ፋይል የሚገባ ሰው አሁንም ሊገባ ይችላል። የአካውንቱን ማብቂያ ቀን ያለፈ ቀን አድርጎ መሙላት ያስፈልጋል።

ፓስውድ ፋይል ውስጥ ስላጡት «የለም» ማለት

ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለው፣ አካውንቶች የሚዘረዘሩበት ፓስውድ ፋይል ለሁሉም ለንባብ ክፍት ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሰባት ነገሮች አሉ፤ የተጠቃሚ ስም፣ የፓስዎርድ ቦታ፣ የተጠቃሚው ቁጥር፣ የግሩፑ ቁጥር፣ ማብራሪያ፣ የቤት ፎልደርና ሼል (ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም)። በሁለተኛው ቦታ ላይ የምትታየዋ «ኤክስ» ፓስዎርድ አይደለችም፤ ምስጢሩ ተራ ተጠቃሚ በማያነበው ሻዶ ፋይል ውስጥ መሆኑን የምትጠቁም ምልክት ናት።

ይህ ፋይል የሚያውቀው በዚያው ማሽን ላይ የተከፈቱ አካውንቶችን ብቻ ነው። ተቋሙ ኤልዳፕ ወይም አክቲቭ ዳይሬክተሪ የተባለ ማዕከላዊ የተጠቃሚ መዝገብ ከተጠቀመ ሰዎቹ እዚህ አይገኙም። ጌትኤንት የተባለው ትዕዛዝ ግን ማሽኑ ራሱ በሚጠይቅበት መንገድ ሁሉንም ምንጭ ይጠይቃል። እዚህም ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ማሽኑ ከማዕከላዊው መዝገብ ጋር የሚገናኘው ኤስኤስኤስዲ በተባለ አገናኝ ፕሮግራም ከሆነ፣ ስም ሳይሰጡ «ሁሉንም አምጣ» ሲሉት ሙሉ ዝርዝር አያወጣም፤ በተለምዶ ተዘግቶ የሚመጣ ነገር ነው። የሚፈልጉትን ስም ለይተው ይጠይቁ።

በሰው ስም ፈልጎ የመጀመሪያውን ውጤት መያዝ

አምስተኛው ቦታ፣ ማብራሪያው፣ ጌኮስ ይባላል። በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ የነበሩት ቀደምት የዩኒክስ (የሊኑክስ ቀዳሚ የሆነው ሲስተም) ማሽኖች ለኅትመት ይልኩ የነበረው ጌኮስ ወደተባለ ሌላ ሲስተም ስለነበር ለዚያ የሚያስፈልገው መለያ የሚጻፈው እዚህ ነበር። ዛሬ ሙሉ ስም፣ አንዳንዴም የቢሮና የስልክ ቁጥር ይገባበታል። የሚሞላው ሰው ነው፤ እንደ ሲስተሙ አሠራርም ተጠቃሚው ራሱ ሊለውጠው ይችላል።

የእኛን ስም ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ቅጾቹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እኛ የአባት ስም እንሰጣለን። አንዱ መዝጋቢ የአያትን ስም በመጨረሻው ቦታ ያስገባል፣ ሌላው ይተወዋል። ፀሐይን አንዱ በእንግሊዝኛ ፊደል በ«ቲ» ጀምሮ ይጽፋታል፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምራል፤ ስለዚህ በአንዱ አጻጻፍ ያጡትን ሰው በሌላው ሳይፈልጉ «አካውንት የለውም» አይበሉ። በተቃራኒው ደግሞ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰው በአንድ ግቢ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ከስሙ የመጀመሪያ ፊደልና ከአባት ስም የተጠቃሚ ስም የሚሠራ ተቋም ውስጥ ሳሙኤልና ሰላማዊት የአባታቸው ስም አንድ ከሆነ የሚለዩት መጨረሻ ላይ በተጨመረች ቁጥር ብቻ ነው። ፈቃድ ከመስጠትዎ ወይም አካውንት ከመዝጋትዎ በፊት በመታወቂያ ቁጥር ያረጋግጡ፤ ወይም ባለቤቱን ራሱን ይጠይቁ፣ የተጠቃሚ ስሙን ይነግርዎታል።

«አልገባም» እና «አልነበረም»ን አንድ ማድረግ

«ሁ» የተባለው ትዕዛዝ የሚቆጥረው የተከፈቱ መግቢያዎችን ነው። ሦስት ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) የከፈተ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ይታያል። «ደብልዩ» በተባለው ትዕዛዝ ላይ የሚታየው የዝምታ ሰዓት ኪቦርዱ ካልተነካ የቆየውን ጊዜ ይናገራል እንጂ ሰውየው ሥራ ፈትቷል ማለት አይደለም፤ የስምንት ሰዓት ስሌት አስጀምሮ ውጤቱን የሚጠብቅ ተመራማሪም ዝም ያለ ሆኖ ይታያል። ሥራውን አስጀምሮ የወጣ ሰው ደግሞ ስሙ እዚያ የለም፤ ሥራው መኖሩን የሚያሳየው ፒኤስ የተባለው ትዕዛዝ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ላስት የተባለው ትዕዛዝ ነው። ያለፉ መግቢያዎችን ይዘረዝራል፤ ግን አሮጌው መዝገብ በየጊዜው ተነስቶ በአዲስ ይተካል፣ በብዙ ማሽን ላይ በየወሩ። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ መዝገቡ የሚጀምርበት ቀን ተጽፏል፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው ምንም አያውቅም። ኤስኤስኤች ደግሞ እዚህ የሚመዘግበው ተርሚናል የከፈተውን ነው። ፋይል በሚተላለፍበት በኤስኤፍቲፒ ፋይል ብቻ አውርዶ የወጣ ሰው ላስት ላይ አይታይም፤ የእሱ አሻራ ያለው የማረጋገጫ ሎጉ (የመግቢያ ሙከራዎች የሚመዘገቡበት ፋይል) ውስጥ ነው። «ሰውየው ለሳምንት አልገባም» ከማለትዎ በፊት ሁለቱንም ይመልከቱ። ሰውየው ከየት እንደገባ የሚያሳየው የአይፒ አድራሻም (የኔትወርክ ቁጥሩ) እንዲሁ ያሳስታል፤ የአንድ ሕንፃ ሰው በሙሉ በአንድ አድራሻ ሊወጣ ይችላል።

ላስት የሚያነበው የቆየው መዝገብ ሰዓት የሚቆጥርበት ቦታ እ.ኤ.አ. በ2038 ስለሚሞላ አዳዲስ የሊኑክስ ስርጭቶች ወደ ሌላ መዝገብ እየዞሩ ነው። ዴቢያን 13 ላይ ላስትን በተለመደው ቦታ ካጡት ምክንያቱ ይህ ነው።

መረጃውን ለውጭ ክፍት መተው

ስለ ተጠቃሚዎች መረጃ የሚሰጠውን ፊንገር የተባለ ፕሮግራም በ1971 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላቦራቶሪ የጻፈው ሌስ ኧርነስት ነው። ሰዎች በተጠቃሚዎች ዝርዝር ላይ ጣታቸውን እያንሸራተቱ ስም ሲፈልጉ አይቶ ስሙን «ጣት» አለው። የሥራ ባልደረባ አለ ወይስ ወጥቷል የሚለውን ለማወቅ የተሠራ የዋህ ነገር ነበር፤ ቆይቶም በኔትወርክ መግቢያ (ፖርት) ቁጥር 79 ከሩቅ ለሚጠይቅ ሁሉ የሚመልስ ሆነ። ኅዳር 2 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው የሞሪስ ትል የተባለው ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም ወደ ማሽኖች ከገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው አገልግሎት ነው፤ ፕሮግራሙ 512 ባይት ብቻ የሚይዝ ቦታ አዘጋጅቶ የመጣለትን ሳይለካ ይቀበል ነበር። ዛሬ አገልግሎቱን የሚከፍት ጥቂት ነው። ካገኙት ይዝጉት፤ ማን መቼ እንደገባ የሚነግር መልስ የይለፍ ቃል ለሚገምት ሰው የስም ዝርዝር ነው።

ስለቻሉ ብቻ ማየት

አንድ ጊዜ አንድ ሰው በቀልድ አስመስሎ «እሷ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ላይ ከየት ሆና እንደገባች እየኝ እስቲ» አለኝ። ለማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር። አላየሁም፤ ከማያት ይልቅ ቢቀየመኝ ይሻላል። አገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ያኔ ግን ያቆመኝ ሕግ አልነበረም፤ ያ ተማሪ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

አሁን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ በጽሑፍ አድርጉልኝ እላለሁ፤ ማን እንደጠየቀ፣ ለየትኛው ሥራ፣ ከመቼ እስከ መቼ። መልሱንም ስጽፍ የሰው ስም አላስገባም። «ቁጥሩ ይህ የሆነው አካውንት፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ አድራሻ፣ መዝገቡ ከሚጀምርበት ከዚህ ቀን ወዲህ» ብዬ እሰጣለሁ። ብዙዎቹ ጠያቂዎች በጽሑፍ ሲባሉ ይተዉታል።