የክሌማቲስ ቅጠል ቡናማ ሲሆን

ክሌማቲስ አገር ቤት የአዞ ሐረግ የምንለው ተክል ዘመድ ነው። አሜሪካና አውሮፓ በየአጥሩ ትልልቅ ወይን ጠጅ አበባ የሚያወጣው ዓይነት ግን ብዙ እንክብካቤ ይፈልጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ መድኃኒት ለመግዛት አይቸኩሉ፤ ድርቀቱ ከየት እንደጀመረና በስንት ቀን እንደተዛመተ ይመልከቱ።

ሙቀት በሚበረታበት ሐምሌና ነሐሴ የታችኞቹ ቅጠሎች ከጠርዛቸው ጀምረው ቀስ በቀስ ከደረቁ ብዙውን ጊዜ ጥማት ነው። ይህ ሐረግ አናቱ ፀሐይ፣ ሥሩ ጥላ ይወዳል። ጣትዎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ከደረቀ ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ ሥሩ ላይ ቀስ አድርገው ያፍስሱ። በየቀኑ ጥቂት መርጨት ላዩን ከማርጠብ አያልፍም። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ ያልብሱት፤ ግንዱን ግን አይንካው፣ ያበሰብሰዋል። ያረጀ ሐረግ ከታች መራቆቱ ያለ ነው፤ ፊት ለፊቱ አጭር አበባ ቢተክሉ ይሸፍነዋል፣ ሥሩንም ያጠላለታል።

ቅጠሉ በመጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ኋላ ከደረቀና አፈሩ ጭቃ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል። ማዳበሪያ ሲበዛም ጠርዙን ያቃጥላል።

አሳሳቢው ሌላ ነው። ትናንት ያማረበት ቅርንጫፍ እምቡጡ ሊፈነዳ ሲል በአንድ ሁለት ቀን ተልፈስፍሶ ይጠቁራል። መጀመሪያ ግንዱን እስከ ታች ይፈትሹ፤ ነፋስ ሰብሮት ወይም ቀንድ አውጣ ግጦት ሊሆን ይችላል። ስብራት ከሌለና በቅጠሉ ላይ ያሉት የደም ሥር መሰል መስመሮችና አገዳው ከጠቆሩ ግን ካሎፎማ ክሌማቲዲና የተባለው ፈንገስ መሆኑ አይቀርም። የሚረጭ መድኃኒት አይፈውሰውም፤ መቁረጥ ነው። ጓንት ያድርጉ፣ የተክሉ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። የተቆረጠው ቦታ ውስጡ ጠቆር ካለ ጤነኛው እስኪገኝ፣ ካስፈለገም እስከ አፈሩ ድረስ ዝቅ እያሉ ይቁረጡ። በየቁርጡ መቀሱን በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉ። የወደቀውንም ቅጠል ለቅመው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ።

ሞቷል ብለው ግን አይንቀሉት። ፈንገሱ ግንዱን እንጂ ሥሩን እምብዛም አይገድልም፤ አንዳንዱ በዚያው ዓመት፣ አንዳንዱ በሚቀጥለው ከመሬት ያቆጠቁጣል። ትልልቅ አበባ ያለውን ዓይነት ሲተክሉ የግንዱን መነሻ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ የሚቀብሩትም ለዚሁ ነው፤ ላዩ ቢቆረጥ እንኳ የተቀበረው ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት ቦታ) ይበቅላል።