የጸሎት ሰዓትን በሥራ ቀን መካከል እንዴት መትከል ይቻላል?

የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ ነግህ፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ፣ የመኝታ ሰዓትና መንፈቀ ሌሊት። እኔ ጅማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እየሸጥሁ ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ለመያዝ ተነሥቼ ሰባቱንም ያጣሁ ሰው ነኝ።

አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። እኔ ይህን ዘልዬዋለሁ። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ የሰኞው ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ የማክሰኞው እስከ 60 ይደርሳል። አንድ ዓቢይ ጾም ሲገባ ማንንም ሳልጠይቅ የየዕለቱን ድርሻ ልጨርስ ቃል ገባሁ። ሰኞን ተወጣሁ፤ ማክሰኞ እኩሌታው ላይ ቀረሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጽሐፉን ማየት አስፈራኝ። ጾሙ ሳይፈታ «አባታችን ሆይ» ማለት እንኳ ትቼ ነበር፤ የንስሐ አባቴን ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። በኋላ እውነቱን ስነግራቸው ያዘዙልኝ ጠዋትና ማታ አቡነ ዘበሰማያትና አንድ መዝሙር ብቻ ነው። በጣም አነሰብኝ። እስከ ዛሬ ያልተቋረጠው ግን ያ ትንሹ ነው።

ጠዋትና ማታው ከመነሣትና ከመተኛት ጋር ስለሚሄድ ብዙ አያስቸግርም። ነጠላዎንና መጽሐፍዎን ከመተኛትዎ በፊት በአንድ ቦታ ያዘጋጁ። ለጀማሪ ከግእዙ ይልቅ የአማርኛውን ዳዊት እመርጣለሁ። የስልክ ማንቂያን ግን አልወደውም፤ ድምፁን ለማጥፋት ያነሣሁት ስልክ ስንት ጊዜ መልእክት ሲያስነብበኝ የጸሎቱ ሰዓት አልፏል።

ፈተናው የቀኑ ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር አንድ መሆኑ ትልቅ በረከት ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በ3 ሰዓት ወረደ፣ ጌታ በ6 ሰዓት ተሰቀለ፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጠ። ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ራሱ ይነግረናል። እኔም መጀመሪያ የ3 ሰዓቱን ጸሎት ከቡና ጋር አያያዝሁት፤ ቡናው እስኪፈላ እጸልያለሁ። ጅማ ላይ ቡና የማይፈላበት ቀን የለምና አስተማማኝ መስሎኝ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ግን እየጾምሁ ቡና አልጠጣም፤ ስለዚህ ጸሎቱ የሚጠፋው ይበልጥ ሊጸለይ በሚገባው በጾሙ ቀን ሆነ። ይህን ለማስተዋል ወራት ፈጀብኝ። ጸሎትዎን ጾም ከሚያንቀሳቅሰው ነገር ጋር አያስሩ።

መፍትሔው የመጣው ከጎረቤቴ ነው። ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ የቀትሩ አዛን ሲሰማ ሱቃቸውን ለእኔ አደራ ብለው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሲመለሱ «ልጄ፣ የአንተ ሰዓት መቼ ነው? እኔም ልጠብቅልህ» አሉኝ። ምን ልመልስ? በማግስቱ 6 ሰዓት ሲሆን ሱቄን ለእርሳቸው ትቼ ከጓዳው ገብቼ ቆምሁ። ከዚያ ወዲህ ቀድሜ እኔ እገባለሁ፣ ስወጣ እርሳቸው ይሄዳሉ። ብቀር ይጠይቁኛል። እርስዎም የሥራ ቦታዎን አምስት ደቂቃ የሚጠብቅልዎ ሰው ይፈልጉ፤ ከማንቂያ ሁሉ ይበልጣል። ደንበኛ ፊት ቆሞ በልብ መጸለይ ይቻላል የሚሉ አሉ። ለበረቱት ይሆናል፤ እኔ ግን ጨርቅ እየለካሁ ስንት ሜትር እንደቆረጥሁም፣ የትኛው ቃል ላይ እንደደረስሁም ጠፍቶብኝ ያውቃል።

የ6 ሰዓቱ ከጸና በኋላ ሌላውን አንድ በአንድ ይጨምሩ። እኔ ያስከተልሁት የጾም ቀን 9 ሰዓትን ነው፤ በረቡዕና ዓርብ ቡናው የሚፈላው ከዚያ በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ ጸሎቱ፣ ቀጥሎ አቦሉ ይሆናል።

አንድ ቀን ካመለጠዎ ያለፈውን በማግስቱ ለመክፈል አይሞክሩ፤ እኔን የጣለኝ ያ ዕዳ ነው። የደረሰውን ሰዓት ብቻ ይጸልዩ። በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ቡናው ወደ ጠዋት ይመለሳል፤ በእነዚያ 50 ቀናት የ9 ሰዓቱን የሚያስታውስዎ ሌላ ነገር ከፋሲካ በፊት ያስቡበት።